በሶፍት የጠቀለልኩት የጥርስ መያዣ

ማንጎ ስበላ ነው ያወቅሁት።

አሶሳ ማንጎ ሲደርስ ሰው ሁሉ በጥርሱ መሃል ክር እየገባበት ሲቸገር ይከርማል። እኔ ግን የጥርስ ማቅኛ ሽቦዬ ከወለቀ ወዲህ የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ግጥም ብለው ምንም አያስገቡም ነበር። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገድ ዳር የገዛሁትን ማንጎ ቆሜ ስመጠው አንዲት ክር ከሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሃል ተሰካች። በምላሴ ብገፋት እምቢ አለች። በጥፍሬ አወጣኋትና ምላሴን ቦታው ላይ አሳረፍኩ። ክፍተት አለ። በመስታወት እንኳ የማይታይ፣ ምላስ ብቻ የሚያውቀው ትንሽ ክፍተት ነው። ማንጎውን አልጨረስኩትም።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሽቦውን አስወልቆ “ተገላገልኩ” ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። በጥርስ የሚሞት የለም ይባል ይሆናል። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው ነገሩን እዚህ ያደረስኩት።

ልጅ ሳለሁ ገጣጣ ነበርኩ። የላይኛው ጥርሶቼ ወደ ፊት ወጥተው ከንፈሬ አይገጥምም ነበር። ስስቅ የሻሼን ጫፍ አፌ ላይ እይዛለሁ፤ ፎቶ ስነሳ ከንፈሬን ነክሼ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች ናቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱን ሸክም የተሸከመው ታላቅ ወንድሜ ጀማል ነው። ጀማል ጉባ፣ ግድቡ ላይ በያጅ ነው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ብረት ላይ ዓመታት ሠርቷል። አንድ ጊዜ ለፈቃድ መጥቶ ሻሼን ከአፌ ላይ ገለጥ አደረገና “አንቺ ልጅ፣ ሳቅሽን ከማን ነው የምትደብቂው?” አለኝ። ሻሼን መልሼ አፌ ላይ ሳብኩት። አዲስ አበባ ለመምህርነት ትምህርት ስገባ ግን አንድ የጥርስ ክሊኒክ አስመዘገበኝና ወጪውን እሱ ቻለ። ለራሱ ቤት ሊሠራ ያሰበውን አቆይቶ እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው።

ሽቦው እስኪወልቅ ትምህርቴን ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። በየወሩ ሽቦውን ያጠብቁልኛል፣ ለጥቂት ቀን ያመኛል፣ ሾርባ እጠጣለሁ፣ ከዚያ ይለመዳል። የወለቀ ቀን ሐኪሟ መስታወት ሰጠችኝ። ራሴን አላወቅኋትም። ስስቅ እጄ ልማዱን ይዞ ወደ አፌ ሄደ፤ ዶክተሯ ያዝ አድርጋ መለሰችውና ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ የጥርሶቼን ቅርጽ የያዘ ስስ፣ የሚያሳይ ፕላስቲክ ሰጠችኝ። ሪቴይነር ይሉታል፤ የጥርስ መያዣ ማለት ነው። “ሽቦው ጥርሱን አንቀሳቅሶታል፤ አጥንቱ ግን አዲሱን ቦታ ገና አልለመደውም” አለችኝ። “እስኪለምድ የሚጠብቅልሽ ይህ ነው። ካላደረግሽው ጥርስሽ ወደ ድሮው ቤቱ መሄድ ይጀምራል። ስትበዪ ብቻ አውልቂ። ያወለቅሽ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው። ሙቅ ውኃ እንዳይነካው። ሶፍት ውስጥ ከጠቀለልሽው ደግሞ ጠፋ በይው።”

ሶፍት ስትል ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ሰው ይህን የመሰለ ነገር ሶፍት ውስጥ ይጠቀልላል?

ተመርቄ ወደ አሶሳ ተመለስኩና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። በዚያው ዓመት በዐረፋ ቤታችን በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። ምሳ ሲቀርብ መያዣዬን አወለቅሁ። ሳጥኑ ጓዳ ውስጥ ነው፤ በእንግዶች መሃል አልፌ መሄድ አሳፈረኝ። ሶፍት አንስቼ ጠቀለልኩትና ትሪው ጠርዝ ላይ አኖርኩት። ወዲያው ወሬ ያዝን።

እናቴ ትሪ ስታነሳ አጥንቱን ለውሻ ትለያለች፣ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ትከታለች። የኖረ ልማዷ ነው።

“ምንድን ነው የሚሸተው? ላስቲክ ላስቲክ ይላል” ስትል ሰማኋት።

እጄን ሳልታጠብ ሮጥኩ። በእንጨት ጎትቼ አወጣሁት። ሶፍቱ ነድዶ አልቋል፤ መያዣው ግን ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም። በቀኝ በኩል ጫፉ ተኮማትሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እናቴ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች።

“ምን አጠፋሁ? ምን አቃጠልኩብሽ ልጄ?”

“ምንም አልሆነ እማ። ደህና ነው።”

“ወላሂ አላየሁም…”

“ደህና ነው አልኩሽ።”

ጓዳ ገብቼ አጠብኩት። አፌ ውስጥ ሳስገባው በግራ በኩል ገጠመ፣ በቀኝ በኩል አልገባ አለ። ነከስኩት። ቋ አለና ገባ። አመመኝ። ሽቦ ሲያጠብቁልኝም ያመኝ ስለነበር ሕመሙን የደግ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት፤ እየሠራ ነው አልኩ። ማምሻውን ጀማል ለበዓሉ ደወለ። እናቴን ሰላም ብሎ ሐያትን አቅርቢልኝ አላት።

“ጥርስሽስ? እያደረግሽ ነው አይደል ያንን ነገር?”

“ያለ እሱ አልውልም” አልኩት። ቃሉ ውሸት አልነበረም። ለዚህ ነው የከፋው።

ከዚያ በኋላ የተጣመመውን ነገር ጠዋት ማታ እየነከስኩ ከረምኩ። መጀመሪያ የቀኝ መንገጭላዬ ጠዋት ጠዋት አልከፈት ይለኝ ጀመር። ቀጥሎ ከጆሮዬ በላይ ያለው የራሴ ጎን ይወጋኝ ያዘ። ድዴ አንድ ቦታ ላይ እየተላጠ ይደማል። የማንጎዋ ክር የተሰካችው ያን ሰሞን ነው።

ክፍተቱን ሰው ከማየቱ በፊት ጆሮ ሰማው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በቤታቸው በርታኛ የሚናገሩ ናቸው፤ አማርኛን የሚለምዱት ከእኔ አፍ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ “ሰ” ጽፌ “ሰላም” አልኩ። ከጥርሴ መሃል ነፋስ ሾልኮ እንደ ፉጨት ወጣ። ልጆቹ በሙሉ ድምፃቸው “ሰላም” ብለው መለሱልኝ፤ ሁሉም ከነፉጨቱ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እንደ እኔ እንዲወጣላት ምላሷን ጥርሷ መሃል ሰክታ ትታገላለች። ቃሉ እንደዚያ የሚባል መስሏታል። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩና ቀኑን ሙሉ “ሰ” የሌለበት ቃል ስፈልግ ዋልኩ።

የራስ ምታቱ ሲበረታ ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋ ስጠብቅ መያዣዬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጤና መኮንኑ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ድካም የሚለውን ሰማና ደም አስመረመረኝ። “ታይፎይድ ይመስላል” አለና መድኃኒት አዘዘልኝ። ስለ መያዣው አልነገርኩትም። ብነግረው “እንዴት ተጣመመ?” ይለኛል፤ ያንን ጥያቄ ከማንም ሰው መስማት አልፈለግሁም ነበር። መድኃኒቱን ጨረስኩት። ሆዴን ከማወክ በቀር ያደረገልኝ ነገር የለም።

ቀጥዬ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሽማግሌ፣ እጀ ለስላሳ ሰው ነው። ጥርሶቼን በየተራ መታ መታ አደረጋቸው። “የመጨረሻው መንጋጋሽ ቦታ አጥቶ እየገፋ ነው። የፊቱንም የሚያጣምምብሽ እሱ ይሆናል” አለኝ። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ጥፋቱ የመንጋጋዬ ሆነ! እንደ እኔ ተደብቆ ከኋላ የተቀመጠ ጥርስ! “ይነቀል” አልኩ። እሱም መያዣውን አላየም፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ሰውየውን አላማርረውም። ያልነገርኩትን ከየት ያምጣው?

የተነቀለው ቦታ አመረቀዘ። ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ሊጋርድ ደረሰ፤ አፌ ለማንኪያ ጫፍ እንኳ አልከፈት አለ። እናቴ ባጃጅ ጠርታ ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

የወባ ወቅት ነበር። አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ከፊታችን አንዲት የበርታ እናት ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ታቅፋ ተራዋን ትጠብቃለች። የልጁ ትንፋሽ ፈጣን ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ እያደረገች ቀና ብላ ፊቴን አየችው።

“አንተ ምን ሆነ?” አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ።

እናቴ መለሰችላት። “ጥርስ ነው እህቴ።”

“ጥርስ ክፉ ነው። እኔ ያውቃል።” ልጇን አየችው። “ይሄ አሁን ተኝቷል። አንተ ግባ ቀድሞ።”

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ ባይከፈትም ራሴን መነቅነቅ እችል ነበር። እናቴ “አላህ ያሽርልሽ” እያለች በክንዴ ስትገፋኝ ገባሁ። የልጁን ትንፋሽ በሩ እስኪዘጋ ሰማሁት። ስወጣ በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ወደ ውስጥ አስገብተዋት ይሆናል። የልጁን መጨረሻ አላውቅም። ዛሬም በዚያ ሆስፒታል በር ሳልፍ ደረቴ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። እሷ የሰጠችኝ ተራ ለታመመ ሰው ነበር። እኔ የታመምኩት እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው።

ውስጥ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ቁስሉን አጠበልኝ፣ መርፌ አዘዘልኝ። ከዚያ “አፍሽ ውስጥ የምታደርጊው ነገር አለ? ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሽቦ?” ብሎ ጠየቀ። ቦርሳዬን ሳብ አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኩ። የመለሰችው እናቴ ናት።

“ሽቦ ነበራት ልጄ፤ አሁን የሚወልቅ ላስቲክ ነው የምታደርገው።”

“እስቲ አሳዪኝ።”

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። “ይሄ እኮ እሳት ነክቶታል። እንዲህ ሆኖ ነው የምታደርጊው? ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዐረፋ” አልኩ በተዘጋ አፌ።

“መንገጭላሽንም ድድሽንም የጎዳው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በጭራሽ እንዳታደርጊው። እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ የሚያዋጣሽ ሽቦውን ያሰረችልሽ ጋ መሄድ ነው።”

እናቴ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ስንደርስ ቆም አለችና ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች።

“ጀማል” አለች። “ስማኝ ልጄ፣ ሥራ ላይ ነህ? የእህትህን ጥርስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በዐረፋ ያንን ላስቲኳን እሳት ውስጥ ከተትኩት። ደህና ነው ስትለኝ አመንኳት። እሷን እንዳትቆጣት። የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ የዓይነ ስውሯ።”

አጠገቧ ቆሜ ነበር። አፌ አብጧል፤ መናገር ያመኛል። ያንን ሰበብ እንደ ምርኩዝ ተደገፍኩት። ጀማል ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ብቻ እሷ “አይ፣ አይ፣ አልተሳሳትኩም” እያለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ወዲያ እናቴ እኔን ስታይ ፊቷ ይጠቁር ጀመር። አጥሚት ታቀርብልኛለች፣ ጎንበስ ብላ እብጠቱን ታያለች፣ ከሶላቷ በኋላ እጇን ዘርግታ ዱዓዋን ታስረዝማለች። ስሜን ስትጠራ እሰማታለሁ። አፌ ከፈት ሲል ለጀማል ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፦ ሶፍቱን፣ በእንግዶች መሃል ላለማለፍ ብዬ ሳጥኑን አለማምጣቴን፣ የተጣመመውን እየነከስኩ መክረሜን፣ ሐኪሞቹን መደበቄን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከጀርባው የብረት ድምፅ ይሰማል።

“እማ ስትደውልልኝ አጠገቧ ነበርሽ?” አለ በመጨረሻ።

“አዎ።”

“ስትናገር ትሰሚያት ነበር?”

“አዎ ጀማል።”

ስልኩ ተዘጋ። ኔትዎርክ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ጉባ ኔትዎርክ ይጠፋል። ግን አልደወለም። ወደ አዲስ አበባ የምንሄድበትን የአውሮፕላን ትኬት ሲገዛም የነገረው ለእናቴ ነው። ለሁለታችንም ነው የቆረጠው፤ እናቴ አልቀርም ብላ ነበርና።

“ዶክተሯን ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ” አለችኝ። “አንቺን ስትቆጣሽ ዝም ብዬ አላይም።”

“እማ፣ ጥፋቱ እኮ የኔ ነው።”

“አብሽሪ፣ እናት ፊት እንዲህ አይባልም” አለችና ሻንጣዋን ማሰር ቀጠለች። አላመነችኝም። ላድናት የምዋሽ መሰላት።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ሽቦ ባሰሩ ልጆችና በእናቶቻቸው ተሞልቷል። እናቴ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምትናገረውን በከንፈሯ ታጠናለች። ሽቦዋን በዚያው ቀን ያስወለቀች አንዲት ልጅ እየሳቀች ወጣች፤ እናቷ ፎቶ አነሳቻት። እጇ ላይ አዲስ ሳጥን ይዛለች። ያቺን ልጅ ይዤ “ሳጥንሽን ከእጅሽ አትለዪው” ልላት ምንም አልቀረኝም።

ስማችን ሲጠራ እናቴ ቀድማኝ ገባች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣

“ዶክተር፣ እሷን እንዳትቆጪያት። እሳት ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ” አለች።

“እማ አላየችም” አልኩ። ድምፄ ከፍ አለብኝ። “ሶፍት ውስጥ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። አስጠንቅቀሽኝ ነበር። ሳጥኑ ጓዳ ውስጥ ነበረ፤ ሰነፍኩ። እማ ደህና ነው ወይ ስትለኝም ደህና ነው ብዬ ዋሸኋት። ከዚያም አንቺ ጋ ከመደወል ይልቅ ደበቅሁት።”

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዶክተሯም ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችን። ከዚያ ጓንቷን እያጠለቀች ፈገግ አለች።

“መያዣ ጠፍቶበት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ታሪኩ ውስጥ አንድ ሶፍት አለ። የመጀመሪያዋ የሆንሽ መስሎሽ ነው?”

ያ ፈገግታዋ ከመድኃኒት ሁሉ በልጦብኛል። የሚቀጥለው ንግግሯ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። አፌን ካየች በኋላ፣ “ያን ጊዜውኑ ብትደውዪልን እኮ መምጣትም አያስፈልግሽም ነበር” አለች። “የጥርስሽ ቅርጽ ተቀርጾ እኛ ጋ ተቀምጧል። በሱ ላይ አዲስ ሠርተን ለአሶሳ መንገደኛ እንሰጥልሽ ነበር። አሁን ግን ጥርሶቹ ቦታ ለውጠዋል፤ የድሮው ቅርጽ አይሆንሽም።”

አንድ ስልክ። አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ መድኃኒቱም፣ የተነቀለው መንጋጋም፣ የዚያች እናት ተራም፣ የእናቴ እንባም አይኖርም ነበር። ስለ መንጋጋዬም ጠየቅኋት። የጥርሴን ራጅ አየችና “ይህን ያደረገው እሱ አይደለም” ብላ አለፈችው።

ሁለት መንገድ እንዳለኝ አስረዳችኝ። አንዱ ለተወሰኑ ወራት እንደገና ሽቦ አስሮ ክፍተቱን መዝጋት ነው። ሌላው ጥርሶቹን አሁን ባሉበት የሚይዝ አዲስ መያዣ ማሠራት ነው፤ ክፍተቷና የአንዱ ጥርስ ትንሽ መዞር ይቀራሉ፣ ነገር ግን ከዚህ አይብስም። “ለጤናሽ ምንም አይልሽም፤ የመልክ ጉዳይ ነው” አለች። እናቴ ወዲያው “ሽቦው ይታሰርላት” አለች።

እኔ ሳልመልስ የክሊኒኩ ሠራተኛ ውኃ አመጣችልን። ቀዝቃዛ ነው። እናቴ ጎንጨት አለችና አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በመዳፏ ጉንጯን ያዘች። ለቅጽበት ነው። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር፤ ያየቻት ዶክተሯ ናት።

“እማማ፣ እርስዎም እስቲ አንዴ ይቀመጡልኝ።”

“የኔ ደግሞ ምኑ ይታያል? ያረጀ ጥርስ ነው።”

“ቢሆንም ልየው።”

እየተግደረደረች ተቀመጠች። እናቴ እንደዚያ ባለ ወንበር ተቀምጣ አታውቅም፤ ወደ ኋላ ሲያጋድማት ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ዶክተሯ መብራቱን አቅንታ አየች። ብዙ ቆየች። አንዱ መንጋጋዋ ተሰብሮ ሥሩ ብቻ ድዷ ውስጥ ቀርቷል፤ አጠገቡ ያለው እስከ ነርቩ ተቦርቡሯል።

“ይህ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?”

“እንጃ። ሐያት አዲስ አበባ ለትምህርት ስትመጣ ነበረ።”

“ይህን ሁሉ ዓመት? ለምን አልተናገሩም?”

እናቴ የተጠየቀችው ነገር ገረማት። “እሷ ሽቦ ልታስር ነበራ” አለች። “የሚሠራልን ልጅ አንድ ነው፤ ባንድ ቤት ስንት ሰው ጥርሱን ይታከማል? እኔ ቅርንፉድ አደርግበታለሁ፤ ዝም ይላል።”

ቅርንፉድ። እናቴ ስታቅፈኝ የቅርንፉድ ሽታ አላት። አዲስ አበባ ሳለሁ የናፈቀኝ ሽታ ነው፤ ዶርም ውስጥ አንድ ሰው ሻይ በቅርንፉድ ሲያፈላ እናቴን ነበር የማስታውሰው። ሽታው ደስ ብሏት የምትይዘው ይመስለኝ ነበር። ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች መብላቷንም፣ የተጠበሰ በቆሎ ስንበላ “ለናንተ ይሁን” ማለቷንም ለምጄዋለሁ። በየወሩ ሽቦዬን ሲያጠብቁልኝ “አመመኝ እማ” ብዬ እደውልላት ነበር። “አይዞሽ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ጥርስ መጥፎ ነው” ትለኝ ነበር። ከየት እንደምታውቀው ጠይቄያት አላውቅም።

አጠገቧ ያለች ወንበር ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ጉንጬ ገና ስላልዳነ ማልቀሱም ያማል።

“ምን ሆንሽ? እኔ ምን ሆንኩና?” ትለኛለች እናቴ ከወንበሩ ላይ።

“ሽቦው ይቅርብኝ” አልኳት ለዶክተሯ። “ያለሁበትን ብቻ ያዙልኝ። እማን አክሚያት።”

እናቴ ልትነሳ ሞከረች። “እንዴት ተብሎ! ጀማል የለፋበትን?” ተከራከርን። እኔ ክፍተቷን ልጠላት አልቻልኩም ነበር፤ በዚያች ሰዓት ጥርሴ ይቅና ብሎ ገንዘብ መጠየቅ አፌም አይችልም ነበር። ዶክተሯ ነች የገላገለችን። “ልጅሽ ያለ ሽቦ ትኖራለች፤ አንቺ ግን ይህን የተሰበረ ሥር ይዘሽ መኖር የለብሽም፤ ያመረቅዛል” አለች፤ “እርስዎ” ማለቱ ተረስቷት እንደ እናቷ አንቺ እያለቻት።

የጥርሴን ልክ ለስላሳ ሊጥ በመሰለ ነገር ወሰዱልኝ። የእናቴን የተሰበረ ጥርስ ሥር በማደንዘዣ ነቀሉላት፣ የቀረውን በተከታታይ ቀናት አክመው ሞሉላት። መርፌውን ስትፈራ እጄን ጨመቀችው። ቀለበቷ ጣቴ ላይ ምልክት አወጣ። እጄን አላላቀቅሁም።

አዲሱ መያዣ ሲደርስ በምቾት ገባ፤ ነክሼ ማስገባት የለብኝም ነበር። መግጠም ማለት እንዲህ መሆኑን ረስቼው ኖሯል። በሳምንታት ውስጥ መንገጭላዬ ለቀቀኝ፣ ራስ ምታቱም ጠፋ። የፊት ጥርሴ ትንሽ ዞሯል፤ ማንጎ ስበላ አሁንም ክር ይገባብኛል። “ሰ” ግን እየተለማመድኩ አስተካክያታለሁ፤ ተማሪዎቼንም እንደገና አስጠንቻቸዋለሁ። የምመክረው ይህን ነው፦ መያዣችሁ ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ቢጣመም የዚያኑ ቀን ለሠራላችሁ ሰው ደውሉ። በግድ አታስገቡት። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ አፋችሁ ውስጥ የሚገባውን ነገር ቦርሳ ውስጥ አትደብቁ። ደግሞ በቤታችሁ ዝም ብሎ በአንድ ጎኑ የሚያኝክ ሰው ካለ ጠይቁት።

ጀማል ለእኔ ሳይደውል ከረመ። እናቴን ያገኛታል፤ እኔን ሰላም በይልኝ ይላታል፤ ከዚያ አያልፍም። ስለ ጥርሷ እኔ ልነግረው ስላልቻልኩ እሷ ራሷ ነገረችው። እናቴ ጥርሷን እንዳመማት እሱም አላወቀም ነበር። ያንን የሰማ ቀን ምን እንደተሰማው መገመት አያቅተኝም፤ እኔም ክሊኒኩ ውስጥ፣ ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁና።

አንድ ከሰዓት ለውዝ ቆልቼ በሣህን አቀረብኩ። እናቴ ከልማዷ ወጥታ እጇን ዘርግታ አፈሰች። ስልኬ ጠራ። ጀማል ነው።

“ሐያት” አለ። ድምፁ የደከመ ነው። “ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ ወንድሜ።”

ጉባ ነፋስ አለ፤ ይሰማኛል። እኔ ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ቀደመኝ።

“ምንድን ነው እዚያ የሚንቋቋው?”

ዞር ብዬ አየሁ። “እማ ናት። ለውዝ እየበላች ነው።”

“እማ? ለውዝ?”

“በሁለቱም ጎን።”

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

“አስጠጊልኝ” አለ።

ስልኩን ወስጄ የእናቴ ጉንጭ አጠገብ ያዝኩለት።